የእትዬ ጠርሙስ፦ «ሥር ነው፣ ኬሚካል የለበትም» የሚባለው የሴቶች መድኃኒት

እትዬ ከሜሪላንድ ለፋሲካ መጥተው ነበር። ሻንጣው ሲፈታ ቫይታሚኑ፣ ቅባቱ፣ የልጆች ጫማው ወጥቶ ለየባለቤቱ ታደለ። አንድ ቡናማ ጠርሙስ ግን ለማንም አልተሰጠም። መልሰው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።

«ይሄኛውስ የምንድን ነው፣ እትዬ?»

«የሙቀቴ ነው፣ ልጄ። ኬሚካል የለበትም፤ ሥር ነው።»

እትዬ 54 ዓመታቸው ነው። የወር አበባቸው ከቆመ ሁለት ዓመት አልፏል። ያ ሙቀት ግን አልለቀቃቸውም። ቁጭ ብለው እያወሩ ድንገት ከደረታቸው ተነስቶ ፊታቸውን ያግለዋል። በነጠላቸው ያራግባሉ፣ መስኮት ያስከፍታሉ። ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል። ጠርሙሱን የሰጠቻቸው የቤተ ክርስቲያን ጓደኛቸው ናት።

ተቀብዬ አነበብኩት። ከፊት ለፊቱ ረጅም ነጭ አበባ ተስሎበታል። «ብላክ ኮሆሽ፣ 40 ሚሊ ግራም፣ ለማረጥ ዘመን ድጋፍ» ይላል። ከጀርባው መነጽር በሚያስፈልገው ፊደል ሌላ ነገር ተጽፏል። ይህን አባባል የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አልገመገመውም፤ ምርቱም የትኛውንም በሽታ ለመመርመር፣ ለማከም፣ ለማዳን ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም ይላል። ተርጉሜ ነገርኳቸው።

«እንዴ! ለማዳን ካልሆነ ታዲያ ለምን ይሸጡታል?»

ጥያቄያቸው ልክ ነው። መልሱ ግን በአንድ ስኒ ቡና አያልቅም። ስለዚህ ለእሳቸውም፣ እንዲህ ያለ ጠርሙስ በየሻንጣው ለሚያመላልሱ እህቶችም ጻፍኩት። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው ያስቀመጥኩት።

የምዕራባውያን ባህላዊ የዕፅዋት ሕክምና ሲባል አንድ ወጥ ነገር አይምሰላችሁ። ቢያንስ ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው ከጥንት ግሪክና ሮም ይነሳል። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የኤፌሶኑ ሐኪም ሶራኖስ ስለ ሴቶች ሕመምና ስለ ወሊድ በሰፊው ጽፏል። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ በሳሌርኖ ከተማ ትሮታ የምትባል ሴት ሐኪም ሴቶችን ታክም ነበር። ከእሷ ስም ጋር የተያያዙት ጽሑፎች ለዘመናት በአውሮፓ እየተገለበጡ ተነበዋል። በ1650ዎቹ ደግሞ ለንደን ውስጥ ኒኮላስ ኩልፔፐር ሐኪሞች በላቲን ቆልፈው የያዙትን የዕፅዋት ዕውቀት ተራው ሰው በሚያነበው እንግሊዝኛ አወጣው። ሁለተኛው ምንጭ የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ዕውቀት ነው። የእትዬ ብላክ ኮሆሽ ከዚህ ወገን ነው። በምሥራቅ አሜሪካ ጫካ ውስጥ የሚበቅል ተክል ነው፤ ነጮቹ ሐኪሞችም በ19ኛው ክፍለ ዘመን በሰፊው ያዙት።

ሁለቱ ምንጮች አንድ ጠርሙስ ውስጥ የተገናኙበት ጊዜ አለ። 1875 ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ ሊን በምትባል ከተማ ሊዲያ ፒንክሃም የምትባል የልጆች እናት ቤቷ የምታፈላውን የዕፅዋት መድኃኒት መሸጥ ጀመረች። ከሁለት ዓመት በፊት አገሩን የመታው የገንዘብ ቀውስ ባሏን አክስሮት ነበር። ጠርሙሱ በአንድ ዶላር ይሸጣል። ለወር አበባ ሕመም፣ ለማሕፀን መውረድ፣ ለማረጥ ጭንቀት፣ ለሁሉም ነው ተባለ። ውስጡ ብላክ ኮሆሽን ጨምሮ አራት የአሜሪካ ዕፅዋት ነበሩበት። አምስተኛውን ሳነብ ግን ቤቴ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። አብሽ ነው! ያው ለአራስ የምናፈላው አብሽ። እንዲያውም በቀመሩ ውስጥ በክብደት ትልቁን ድርሻ የያዘው እሱ ነው። ይህ ሁሉ የሚዘፈዘፈው 18 በመቶ ገደማ አልኮል ባለው ፈሳሽ ነበር። ከጠጅ የበረታ ማለት ነው።

ሴትየዋ አንድ ብልህ ነገር አድርጋለች። የራሷን ፊት ጠርሙሱ ላይ አተመችና «ችግርሽን ጻፊልኝ» አለች። ደብዳቤ ጎረፈ። ሴቶች ለባላቸው የማይነግሩትን ለእሷ ጻፉ። በ1883 ሞተች። ድርጅቱ ግን በ«ወይዘሮ ፒንክሃም» ስም ደብዳቤ መመለሱን ቀጠለ። በ1905 አንድ የሴቶች መጽሔት የመቃብር ድንጋይዋን ፎቶ አትሞ እስኪያጋልጥ ድረስ ብዙዎች በሕይወት ያለች ይመስላቸው ነበር። በ1906 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ደግሞ የአልኮሉን መጠን ጠርሙሱ ላይ እንዲጽፉ አስገደዳቸው።

እነዚያን ሴቶች ሞኝ ናቸው ብሎ ማለፍ ግን ግፍ ነው። በዚያው ዘመን ሐኪም ቤት የሚጠብቃቸውን አስቡት። ከ1872 ጀምሮ ሮበርት ባቲ የተባለ የጆርጂያ ሐኪም ለወር አበባ ሕመምና ለመሳሰለው ብሎ ጤነኛ የእንቁላል ዕጢ በቀዶ ጥገና ማውጣት ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉት። ሴቶች ሞተውበታል። ከዚህ ቢላዋ ጋር ሲተያይ የአንድ ዶላር ጠርሙስ ጥሩ ምርጫ ነበር። ችግሩ ሌላ ነው። መድኃኒቱ ይሠራ ይሆን ብሎ የለካው ሰው አልነበረም።

እንዴት ይለካል? የማረጥ ሙቀት በራሱ ይመጣል፣ በራሱ ይሄዳል። አንዱ ወር ይብሳል፣ ሌላው ይሻላል። ሰው መድኃኒት የሚጀምረው ሲብስበት ነው። ስለዚህ ምንም ባይውጥም ቀጥሎ የሚመጣው ብዙ ጊዜ መሻል ነው። በዚያ ላይ ተስፋ ራሱ ያሽላል። ይህን ለመለየት ሴቶቹ በዕጣ ይከፈላሉ። ግማሾቹ ሥሩን ይወስዳሉ፤ ግማሾቹ መልኩ አንድ የሆነ ባዶ እንክብል ይወስዳሉ። የትኛው እንደደረሳት ሴቲቱም ሐኪሙም አያውቁም። ከዚያ ቀን በቀን ሙቀቱ ስንቴ እንደመጣ ይመዘገባል።

ብላክ ኮሆሽ በዚህ ሚዛን ላይ ወጥቷል። መነሻው በ2002 የተፈጠረው ድንጋጤ ነው። ከ16,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበት አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ለማረጥ የሚሰጡት ሆርሞኖች ኤስትሮጅንና ፕሮጄስቲን አንድ ላይ ሲወሰዱ የጡት ካንሰርና የደም መርጋት አደጋ እንደሚጨምሩ አሳየ። ብዙ ሴቶች ሆርሞኑን ጥለው ወደ ሥራ ሥር ዞሩ። በ2006 ታዲያ በዋሽንግተን ግዛት 351 ሴቶችን ለአንድ ዓመት የተከታተለ ጥናት ውጤቱ ታተመ። ብላክ ኮሆሽ ለብቻውም ሆነ ከሌሎች ዕፅዋት ጋር ከባዶው እንክብል የተሻለ ነገር አላሳየም። ሆርሞን የወሰዱት ግን ከባዶው እንክብል ይልቅ ሙቀታቸው በቀን በአራት ገደማ ቀነሰ። በ2012 ደግሞ ከ2,000 በላይ ሴቶችን ያካተቱ 16 ጥናቶች አንድ ላይ ተመረመሩ። ይሠራል ለማለት የሚያበቃ ማስረጃ አልተገኘም።

ለእትዬ ይህን ስነግራቸው «እኔን ግን አሽሎኛል» አሉኝ። አልተከራከርኳቸውም። ባዶውን እንክብል ከወሰዱት ሴቶችም ብዙዎቹ በእውነት ተሽሏቸዋል። መሻላቸው ውሸት አይደለም። ያሻላቸው ሥሩ ነው ለማለት ነው የማይቻለው።

ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ራሱ ብላክ ኮሆሽ መሆኑም ሌላ ጥያቄ ነው። በ2012 ተመራማሪዎች ከገበያ 36 ምርቶች ገዝተው ዘረ መላቸውን ፈተሹ። ዘጠኙ ውስጥ የተገኘው ብላክ ኮሆሽ ሳይሆን የእስያ ዘመዶቹ ናቸው። ከአራት አንዱ ማለት ነው። ብላክ ኮሆሽ ከወሰዱ በኋላ ጉበታቸው የተጎዳ ጥቂት ሴቶች ስለተገኙም አውስትራሊያ በ2006 ጠርሙሱ ላይ የጉበት ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አስገድዳለች። ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም። ሆኖም ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ሽንት ከጠቆረ፣ ሰውነት ካሳከከ እዚያው ማቆምና ሐኪም ዘንድ መሮጥ ነው።

ሁሉም እንዲህ ነው ማለቴ ግን አይደለም። በሜዲትራኒያን ዳርቻ የሚበቅል ቫይቴክስ የሚባል ቁጥቋጦ አለ። ፍሬው ቁንዶ በርበሬ ይመስላል። በአውሮፓ የገዳም መነኮሳት ፈቃደ ሥጋን ያበርድልናል ብለው ይበሉት ስለነበር እስከ ዛሬ «የመነኩሴ በርበሬ» ይባላል። በ2001 ጀርመን ውስጥ የወር አበባቸው ከመምጣቱ በፊት ንዴት፣ የጡት ሕመም፣ ራስ ምታትና የሆድ መነፋት የሚያሠቃያቸው 170 ሴቶች ላይ ተፈተነ። ለሦስት ወር አበባ ያህል ፍሬውን ከወሰዱት ውስጥ 52 በመቶዎቹ ሕመማቸው በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ቀነሰ። ባዶውን ከወሰዱት ውስጥ 24 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው እንዲህ የሆኑት። ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። እንዴት እንደሚሠራም ፍንጭ አለ። ፍሬው ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን እንደሚባለው መልእክት አቀባይ ንጥረ ነገር ሆነው ፕሮላክቲን የሚባለውን ሆርሞን ዝቅ ያደርጋሉ። ሆርሞን የሚነካ ነገር ስለሆነም እርጉዝ ሴት፣ የምታጠባ፣ ወይም ለመውለድ ሕክምና የምትከታተል ሴት ከሐኪሟ ሳትመክር ባትነካው ይሻላል።

የራስበሪ ቅጠል ሻይም ብዙ ይወራለታል። ምጥ ያቀላል ይባላል። በአውስትራሊያ የበኩር ልጃቸውን በሚጠብቁ 192 እናቶች ላይ ከ32ኛው ሳምንት ጀምሮ በእንክብል፣ ከባዶ እንክብል ጋር እየተነጻጸረ ተሞከረ። ምጡን አላሳጠረም። ሲያምጡ የሚገፉበት ጊዜ ላይ የአሥር ደቂቃ ያህል ልዩነት ታይቷል፤ ይህም በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው። ከስሙ ጋር የሚመሳሰለውን ብሉ ኮሆሽን ግን ተጠንቀቁ። ምጥ ያመጣል ተብሎ ይወሰዳል። በ1998 ይህንኑ ከወሰደች እናት የተወለደ ሕፃን ልቡ ክፉኛ ደክሞ እንደተገኘ ሐኪሞች ጽፈዋል።

አብሽን ስንመለከት፣ ወተት ይጨምራል የሚለው እምነት እኛም ጋ አለ፣ እነሱም ጋ አለ። ጥናቶቹ ትንንሾች ናቸው፤ ውጤታቸውም አይስማማም። ወተት የሚጨምረው ዋናው ነገር ሕፃኑ ቶሎ ቶሎ መጥባቱ ነው። አብሽ በምግብ መልክ መልካም ነው። በካፕሱል ታሽጎ ሲወሰድ ግን የደም ስኳር ያወርዳል። የስኳር መድኃኒት የምትወስድ አራስ ይህን ማወቅ አለባት።

እዚህ ላይ መጠን የሚባለው ነገር ይመጣል። በአማርኛችን «መድኃኒት» ሁለት ፊት አለው። መድኃኒት ያድናል፤ «መድኃኒት አበሉት» ሲባል ደግሞ መርዘውታል ማለት ነው። እኛ የረሳነውን ዕውቀት ቋንቋው አልረሳውም። ጤና አዳምን ውሰዱ። ቡና ላይ አንዲት ዘለላ ጣል ሲደረግ ቤቱን በመዓዛው የሚሞላው ጤና አዳም በምዕራቡም ዓለም የቅርብ ዘመዱ አለው። የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን የቀረ የወር አበባ ለማምጣት ይጠቀሙበት ነበር። ሮማዊው ፕሊኒ ነፍሰ ጡሮች እንዳይቀምሱት አስጠንቅቋል። ስኒ ላይ ያለችው ዘለላና ፅንስ ለማስወረድ ተቀቅሎ የሚጠጣው እፍኝ አንድ ቅጠል ናቸው፤ ግን አንድ ነገር አይደሉም።

ፔኒሮያል የሚባለው የናና ዘመድም እንዲሁ ነው። ቅጠሉ ለሁለት ሺህ ዓመት ሻይ ሆኖ ተጠጥቷል። በ1978 ኮሎራዶ ውስጥ አንዲት የ18 ዓመት ነፍሰ ጡር ከቅጠሉ የወጣውን ዘይት ጠጣች። 30 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፤ ሁለት የሾርባ ማንኪያ። ጉበቷ ተቃጥሎ በሳምንት ውስጥ ሞተች። ይህን ሳነብ ልቤ የሚነካው ዘይቱ ብቻ አይደለም። የምትጠይቀው ሰው አጥታ ብቻዋን መወሰኗ ነው። እንዲህ ያለ ጭንቅ ውስጥ ያለች እህት ይህን የምታነብ ከሆነ፣ እባክሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ቅጠል ቀቅለሽ አትጠጪ።

አሁን ደግሞ ከእፍኝ ወደ ሚሊ ግራም የመጣውን እንይ። ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀኝ ታሪክ ይህ ነው። ራይ በሚባለው የአውሮፓ እህል ዛላ ላይ ጥቁር ቀንድ የመሰለ ፈንገስ ይበቅላል። ፈረንሳዮቹ ከአውራ ዶሮ እግር ሹል ጥፍር ጋር አመሳስለው «ኤርጎት» አሉት። እህሉ ጋር ተፈጭቶ ሲበላ የደም ሥር ያኮማትራል። እጅና እግር ይጠቁራል፣ ይሞታል፣ ይቆረጣል። እኛም አገር ደርሷል። በ1977 እና 1978 ወሎ ውስጥ በዋድላ ደላንታ፣ በ2001 ደግሞ በአርሲ ይኸው በሽታ ገበሬዎችን መትቷል። ገብስ መሀል የሚበቅለው ሲናር ላይ ያረፈው ፈንገስ ነው ያመጣው።

የአውሮፓ አዋላጆች ግን ይህ መርዝ ማሕፀንንም እንደሚያኮማትር አውቀው ነበር። በ1582 ጀርመን ውስጥ ይህ ልምዳቸው ተጽፎ ይገኛል። በ1808 ጆን ስተርንስ የተባለ የኒውዮርክ ሐኪም «ምጥ ያፈጥናል» ብሎ ለባልደረቦቹ አስተዋወቀው። ሁሉም ተጠቀመበት። ዱቄቱ ግን ልክ አልነበረውም። የአንዱ ዓመት ደካማ፣ የሌላው ዓመት ኃይለኛ ነው። ማሕፀን ሳይላላ እንደጨበጠ ይቀራል፤ ሕፃኑ ታፍኖ ይሞታል፤ ማሕፀንም ይቀደዳል። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ዴቪድ ሆሳክ የተባለ ሐኪም «የመውለጃ ዱቄት» የሚሉትን «የመሞቻ ዱቄት» ብሎ ጠራው። ከወሊድ በፊት ተውት፣ ጥቅሙ ከወሊድ በኋላ ደም ሲፈስ ነው አለ።

ልክ ነበር። በ1935 ከፈንገሱ ውስጥ ማሕፀን የሚያኮማትረው አንዱ ንጥረ ነገር ተለይቶ ወጣ። ስሙ ኤርጎሜትሪን ነው። ዛሬ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። የተለመደው መርፌ 0.2 ሚሊ ግራም ነው። ደም ግፊት ያለባት እናት አትወስደውም። ልጁና እንግዴ ልጁ ከወጡ በኋላ ደም አልቆም ያላት እናት ግን ሕይወቷ በዚህ ሊተርፍ ይችላል። አዋላጆቹ ያስተዋሉት እውነት ነበር። የጎደለው ልኩ፣ ሰዓቱና ለማን እንደሚሆን ማወቁ ነው። ያንን ለማወቅ ከ350 ዓመት በላይ ፈጀ።

የእርግዝና መከላከያ እንክብልም ታሪኩ ከሥር ነው የሚነሳው። በ1940ዎቹ ራስል ማርከር የተባለ ኬሚስት ከሜክሲኮ የዱር ቦዬ ዲዮስጀኒን የሚባል ንጥረ ነገር አውጥቶ በቤተ ሙከራ ወደ ፕሮጄስትሮን ቀየረው። በ1951 እዚያው ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ኖርኤቲንድሮን የሚባለው ፕሮጄስትሮን መሰል ሆርሞን ተሠራ፤ ዛሬም የእንክብሎች ግብዓት ነው። ይህን ታሪክ ተንተርሰው «የዱር ቦዬ ቅባት፣ የተፈጥሮ ፕሮጄስትሮን» ብለው የሚሸጡ አሉ። አትመኑ። ያንን ለውጥ የሚያካሂደው ቤተ ሙከራ ነው፤ የሰው ገላ አይችልም። ዲዮስጀኒን አብሽም ውስጥ አለ፤ አብሽ የበላች ሴት ግን ፕሮጄስትሮን አትሠራም።

አንድ ነገር በተለይ ውጭ ላላችሁ። ለመንፈስ ጭንቀት ተብሎ የሚሸጥ ሴንት ጆንስ ዎርት የሚባል ቅጠል አለ። ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ አፍርሶ እንዲያስወግድ ያደርጋል። የእርግዝና መከላከያ እንክብልና ክንድ ውስጥ የሚቀበረው መከላከያ ኃይላቸው ይደክማል። ሳያስቡት ያረገዙ አሉ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስድ ሴት ደግሞ ጨርሶ እንዳትነካው፤ አሜሪካ በ2000 ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ አውጥታለች።

ወደ እትዬ ጥያቄ ልመለስ። «ለማዳን ካልሆነ ለምን ይሸጡታል?» በ1994 የወጣው የአሜሪካ ሕግ እነዚህን ነገሮች ከመድኃኒት ለይቶ ከምግብ ጎራ መደባቸው። ሻጩ ከመሸጡ በፊት እንደሚሠሩ ማሳየት አይጠበቅበትም። «ያድናል» እንዳይል እንጂ «ይደግፋል» ማለት ይፈቀድለታል። ከጀርባ ያለው ትንሽ ጽሑፍ የሚጻፈውም ለዚህ ነው። አውሮፓ ጠበቅ ያለ ነው። በ2004 በወጣው ደንብ «ባህላዊ» ተብሎ ለመመዝገብ ዕፁ ለ30 ዓመት፣ ከዚያም ውስጥ 15ቱን በአውሮፓ፣ በጥቅም ላይ መዋሉ መታየት አለበት። ጥራቱም ይመረመራል። መሥራቱን ግን በጥናት አስመስክር አይባልም።

ይህን ሁሉ ካወራን በኋላ እትዬ ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ባለፈው ወር ትንሽ ደም አይቼ ነበር። ጓደኛዬ፣ ሥሩ ያጠራዋል አለችኝ» አሉ።

ደነገጥኩ። የወር አበባ ከቆመ ዓመት ካለፈው በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ቢሆን፣ በምንም ቅጠል አይታከምም። ብዙ ጊዜ ቀላል ነገር ነው። ግን የማሕፀን ካንሰር አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የሚገልጠው በዚህ ነው፤ ቶሎ ሲገኝ ደግሞ ይድናል። በማግስቱ ጠዋት ይዣቸው ሄድኩ። አልትራሳውንድ ታዩ፣ ናሙና ተወሰደ። ትንሽ እባጭ ነበረች፤ ወጣች፤ ክፉ አይደለችም ተባለ። ስለ ሙቀታቸውም ሐኪሟ ቁጭ ብላ አዋየቻቸው። ከጡት ካንሰርና ከደም መርጋት ታሪክ ጀምራ ጠየቀች። በእሳቸው ዕድሜ ሆርሞን ለብዙዎች ጥቅሙ እንደሚያመዝን፣ ሆርሞን ያልሆኑ መድኃኒቶችም እንዳሉ አስረዳቻቸው።

«የሚወስዱት ሌላ ነገር አለ?» ስትል እትዬ ዞር ብለው አዩኝ። ቦርሳቸውን ከፍተው ቡናማውን ጠርሙስ ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት። ሐኪሟ አገላብጣ አነበበችው፤ ስሙንና ሚሊ ግራሙን ካርዳቸው ላይ ጻፈች። በሁለት ዓመት ውስጥ ስለ ጠርሙሱ የጠየቃቸው ሐኪም እሷ የመጀመሪያዋ ናት።